ሳሎኑ ዳለቻ እንዲሆን የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ

የጊፋታ በሬ ኮሚቴ፣ ወላይታ ሶዶ
ቃለ ጉባኤ ቁጥር 1/2018

ቀን፦ ቅዳሜ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ በአቶ ሻንቆ ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር። ሳሎኑ ራሱ አጀንዳ ስለሆነ በራሱ ጉዳይ ላይ ስብሰባ ሊያስተናግድ አይገባውም ተብሏል። ሶፋዎቹ ለቅቡ ሲባል ከማለዳው ወደ ውጭ ስለወጡ አባላቱ በሳሎኑ ሶፋ ላይ፣ ነገር ግን ከሳሎኑ ውጭ ተቀምጠዋል።

ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡10 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. አቶ ሻንቆ፣ ሰብሳቢ። የቤቱ ባለቤት። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ። ማኅተሙ በኪሳቸው ነው።
2. ወ/ሮ ብርቄ፣ አባል። የሰብሳቢው ባለቤት።
3. አቶ ገብረመስቀል፣ አባል። ጎረቤት፤ የቀለምና የቆርቆሮ ነጋዴ።
4. ወ/ሮ ሃይማኖት፣ አባል። ጎረቤት፤ የጸሎት ኅብረት መሪ።
5. መምህር ብርሃኔ፣ ጸሐፊ። የአማርኛ መምህርና የግቢው ሰርቪስ ቤት ተከራይ። ባለፈው ስብሰባ ስላልተገኘ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። ድምፅ የለውም።
6. ማክዳ ሻንቆ፣ ተጋባዥ። የሰብሳቢው ልጅና የአጀንዳው ባለቤት። ድምፅ የላትም።

ያልተገኙ፦ አቶ ሚልክያስ፣ አባል። የወ/ሮ ብርቄ ወንድም። ለወላይታ አዲስ ዓመት ለጊፋታ የሚታረደውን በሬ መርጠው እንዲገዙ ወደ ቦምቤ ገበያ ስለተላኩ በፈቃድ ቀርተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ካላቸው አምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ተሟልቷል። ወ/ሮ ብርቄ ሁለት ጊዜ ወደ ጓዳ ሲገቡ ምልዓቱ ይጓደል አይጓደል በሚለው ላይ ሃያ ደቂቃ ውይይት ተደርጎ፣ ጓዳው የስብሰባው ድምፅ ስለሚሰማበት እንደተገኙ ይቆጠር ተብሏል።

ከአጀንዳው በፊት ጸሐፊው፣ በሬ ለመግዛት የተቋቋመ ኮሚቴ ስለ ሳሎን ምን አገባው ሲል ጠይቋል። ሰብሳቢው ደንቡን አውጥተው ኮሚቴው “ከበሬው ጋር ተያያዥ የሆኑ ጉዳዮችን” እንደሚያይ፣ በሬው በየዓመቱ የሚበላው በዚሁ ሳሎን እንደሆነ፣ ስለዚህ ሳሎኑ የበሬው ተያያዥ ጉዳይ መሆኑን አስረድተዋል። ጸሐፊው በዚህ አካሄድ ሽንት ቤቱም ተያያዥ ይሆናል ወይ ብሎ ቢጠይቅ እንዲጽፍ ብቻ ተነግሮታል። እየጻፈ ነው።

አጀንዳ 1፦ የማክዳ ጥያቄ

ማክዳ እንዳስረዳችው፣ ሳሎኑን በአንድ ቀለም፣ ግን በሦስት ዓይነት ድምቀት ልትቀባው አስባለች። በመስኮቱ በኩል ፈዛዛው፣ ከሶፋው ጀርባ ጠቆር ያለው፣ በሁለቱ ቀሪ ግድግዳዎች መካከለኛው ይሆናል። መጋረጃውም፣ ምንጣፉም፣ ትራሶቹም ይህንኑ ይከተላሉ። ቀለሙ በእንግሊዝኛ ግሬይ ይባላል። ተበጥብጦ፣ ሦስት ባልዲ ሞልቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሮለሩም ታጥቦ ተዘጋጅቷል።

ለምን እንደፈለገችው ስትጠየቅ፣ ወ/ሮ የማርያምወርቅ የሚባሉ ሴት ሻንቶ ላይ የእንግዳ ማረፊያ እያስገነቡ መሆናቸውን፣ የክፍሎቹን ማስዋብ ለእሷ ሊሰጡ ማሰባቸውን፣ ነገር ግን “መጀመሪያ በገዛ እጅሽ የሠራሽውን አንድ ክፍል አሳዪኝ” እንዳሏት ገልጻለች። ሴትዮዋ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ። የሚያዩት ካጡ ሥራውን ለአንድ የሐዋሳ ባለሙያ ይሰጣሉ። ነገ እሑድ ነው፤ በዚህ ቤት እሑድ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ዛሬ ተቀብቶ ካልደረቀ አለቀ።

በመቀጠልም እንዲህ አለች፦ “ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ‘ነይና ሥሪልኝ’ ያለችኝ ሴት እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ይሄ ካመለጠኝ እንደገና ማመልከቻ ይዤ በየቢሮው ልዞር ነው። በጣም ፈርቻለሁ።”

ሰብሳቢው “ፈርቻለሁ” የሚለው በቃለ ጉባኤ ቋንቋ “ስጋቷን ገልጻለች” ተብሎ እንዲስተካከል አዘዋል። ጸሐፊው ልጅቷ ያለችውን እንዳለ ትቶታል።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማክዳ የተናገረችው መነገሩ እንዲታወቅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የቀለሙ ስም

ሰብሳቢው ስሙ በአማርኛ በማይታወቅ ነገር ላይ ውሳኔ መስጠት እንደማይቻል፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ስም የሌለው ፋይል ከፍተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

አቶ ገብረመስቀል እሳቸው ሱቅ ውስጥ “ሲልቨር” ሲባል ቶሎ እንደሚሸጥ ጠቆሙ። ማክዳ ሲልቨር የቆርቆሮ እንጂ የሳሎን እንዳልሆነ ተናገረች።

ወ/ሮ ብርቄ ይህን ያህል ምን ያከራክራል ብለው “አመድ ነዋ! ቢድንታ!” በማለት በሁለት ቋንቋ አረጋገጡ።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ሃይማኖት ብድግ አሉ። አመድ የንስሐና የሐዘን ምልክት መሆኑን፣ የጥንት ሰዎች ማቅ ለብሰው አመድ ላይ ይቀመጡ የነበረው ጥፋት ሲመጣባቸው እንደሆነ አስታወሱ። “ጊፋታን የሚያህል በዓል፣ ሰው ተሰብስቦ አመድ ውስጥ ተቀምጦ ሥጋ ሊበላ ነው? ማቁን ብቻ ነው የቀረን፤ እሱንም በመጋረጃ ስም ልታመጣው ነው” አሉ።

አቶ ገብረመስቀል የወ/ሮ ሃይማኖት ሳሎን ቅቡ ተልጦ እንደ እባብ ቆዳ መንጠልጠሉን አንስተው “አመድ በዱቄት ይስቃል” አሉ። ወ/ሮ ሃይማኖት ከሁለቱ ማን አመድ ማን ዱቄት እንደሆነ በስም ተለይቶ እንዲጻፍ ጠየቁ። አቶ ገብረመስቀል ተረቱን የተናገሩት በአጠቃላይ ለአገሪቱ መሆኑን ገለጹ። እንዲህ ተብሎ ተጽፏል።

ጸሐፊው የሙያ አስተያየት እንዲሰጥ ታዘዘ። ትክክለኛው ቃል “ግራጫ” ነው አለ። ሰብሳቢው ተቆጥተው፣ እሳቸው በሚያውቁት አማርኛ ግራጫ የሚባለው አህያ ነው፣ “አህያ ሳሎን ውስጥ አስገብቼ እንግዳ ልጠራ ነው ወይ?” ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው ፈረስም ግራጫ እንደሚባል አስረዳ። ፈረሱ ከአህያው የተሻለ መሆኑ ታምኖበታል፤ ሆኖም የደገፈው የለም።

ማክዳ ሰዓቷን አየች። 5፡20 ነበር። ጸሐፊው አዘነላትና ነገሩን ለመቋጨት ሲል “ዳለቻስ ቢባል?” አለ። ይህን በማለቱ እስካሁን ይቆጨዋል።

ወ/ሮ ብርቄ ፊታቸው በራ። “እናቴ ቤት አንድ ዳለቻ ላም ነበረ፤ ወተቱ አያልቅም፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያሳደገው እሱ ነው!” አሉ። ጸሐፊው በልማድ “ነበረች፣ ወተቷ፣ ያሳደገችው” ብሎ አረማቸው። ወ/ሮ ብርቄ “መምህር፣ አንተ ወላይትኛ ስትናገር እኔ ስቄብህ አውቃለሁ?” አሉት። አያውቁም። እርማቱ ተነሥቷል፤ ላሙም እንደነበረ ቀጥሏል።

ውሳኔ 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ዳለቻ እንዲሆን በሦስት ድምፅ፣ በአንድ ተዓቅቦ ተወስኗል። ተዓቅቦው የወ/ሮ ሃይማኖት ነው።

በደንቡ መሠረት በስብሰባ ላይ ያልተገኘ አባል ውሳኔውን ወዲያው እንዲያውቅ ይደረጋል። ስለዚህ ጸሐፊው 5፡35 ላይ ለአቶ ሚልክያስ በስልክ የሚከተለውን መልእክት ልኳል፦ “ኮሚቴው ከረጅም ውይይት በኋላ ዳለቻ እንዲሆን ወስኗል። ለአፈጻጸሙ ይተባበሩ።” ቃሉን አንድ በአንድ የነገሩት ሰብሳቢው ናቸው። ጸሐፊው “ሳሎኑ” የሚል ቃል ቢጨመር ብሎ አሳስቦ ነበር፤ ነገር ማንዛዛት የመምህራን በሽታ ነው ተብሏል።

አቶ ሚልክያስ በሦስት ደቂቃ ውስጥ “እሺ። ጌታ ይባርካችሁ” ብለው መለሱ። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ቅንና ፈጣን አባል ለሌሎችም አርአያ መሆን እንዳለበት ተናገሩ።

አጀንዳ 3፦ ዝርዝር አፈጻጸም

ማክዳ አመስግና ወደ ባልዲዎቹ ስትሄድ፣ ዝርዝሩ ገና ስለሆነ ተመልሳ እንድትቀመጥ ተደረገ።

አቶ ገብረመስቀል ኮርኒሱ ብርቱካንማ ቢሆን ቤቱን ሞቅ እንደሚያደርገው ሐሳብ አቀረቡ። ብርቱካንማ ቀለም ከአምና ጀምሮ ሱቃቸው ውስጥ ገዢ አጥቶ መቀመጡን ማክዳ ስታነሳ፣ አጋጣሚ ነው አሉ።

ወ/ሮ ሃይማኖት ተዓቅቧቸውን የሚያነሱት የመስኮቱ ግድግዳ ላይ ጥቅስ በወርቃማ ቀለም ከተጻፈ ብቻ መሆኑን ገለጹ። የትኛው ጥቅስ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ረጅም ነው አሉ።

ወ/ሮ ብርቄ ቡፌው የሚቆምበት ግድግዳ እንዳይነካ፣ ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሶፋው ላይና ትራሶቹ ላይ ያለው ዳንቴል ባለበት እንዲቀጥል ጠየቁ። “ዓይኔን ያጠፋሁበት ዳንቴል ነው። ዳለቻም ሆነ ጥቁር፣ ከዳንቴሉ ሥር ይግባ” አሉ።

ሰብሳቢው ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ በባህል ልብሱ በዱንጉዛ መልክ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር እየተሰመረ እንዲቀባ ወሰኑ። የወላይታ ሰው ቤት ገብቶ ዱንጉዛ ያላየ እንግዳ የት እንደመጣ በምን ያውቃል ብለዋል። እዚህ ላይ ጸሐፊው እንኳ ትንሽ ተስማምቷል።

የቀረው አራተኛው ግድግዳ ነው። ሰብሳቢው ስለ እሱ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። ያደጉበት ጎጆ ውስጡ በጭስ የጠቆረ እንደነበር፣ ልጅ ሆነው ግድግዳውን በጣታቸው ሲነኩ ጣታቸው ይጠቁር እንደነበር ተናገሩ። “ሥራ ስይዝ ለራሴ መጀመሪያ የማልሁት፣ ቤት ከሠራሁ ቢጫ አደርገዋለሁ ብዬ ነው። ማክዳ የተወለደች ሳምንት ራሴ ቀባሁት። አሁን ልጄ ተምራ መጥታ ጭሱን መልሳ ልታመጣብኝ ነው? ያመኛል፤ እውነቴን ነው፣ ያመኛል” አሉ።

ማክዳ አባቷን ቀና ብላ አላየችም።

ውሳኔ 3፦ በውሳኔ 2 መሠረት ዳለቻው ሥራ ላይ ሲውል፣ ኮርኒሱ ብርቱካንማ፣ የመስኮቱ ግድግዳ ባለ ጥቅስ፣ የሶፋው ግድግዳ ባለ ዱንጉዛ፣ የቡፌው ግድግዳ ባለበት፣ አራተኛው ግድግዳ ቢጫ ይሆናል። ዳለቻው ከበሩ ጀርባ ባለው ስፍራ፣ በሩ ሲዘጋ ብቻ በሚታይ መልኩ ተግባራዊ ይደረጋል።

ማክዳ ወ/ሮ የማርያምወርቅ ከበሩ ጀርባ ቆመው ያዩልኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው አስተያየት ነው ወይስ ጥያቄ አሏት። አለቀሰች። ይህ እንዳይጻፍ ተጠይቋል፤ ጸሐፊው ግን ዓይን አለው።

ለምሳ ተነሥተን ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ በሚያቃጥል ዳጣ ቀርቧል። ዳጣው ብዙ አባላትን ስላስለቀሰ ማክዳ ከሌላው ሰው ሳትለይ ምሳዋን በላች።

አጀንዳ 4፦ ድንገተኛ

8፡50 ላይ አቶ ሚልክያስ ደወሉ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩ ጮክ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አቶ ሚልክያስ በታላቅ ደስታ፣ “ውሳኔያችሁን ፈጽሜአለሁ” አሉ።

ሰብሳቢው የትኛውን ውሳኔ እንደሆነ ጠየቁ።

አቶ ሚልክያስ እንዲህ አስረዱ። ጠዋት አንድ ቀይ ሰንጋ አግኝተው ነበር፤ ጀርባው ሜዳ ነው፣ ቦይና ቢተከልበት ይበቅላል። ከሻጩ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊስማሙ ሲሉ የኮሚቴው መልእክት ደረሳቸው። እጃቸውን ከሻጩ እጅ አላቀው ገበያውን ዳር እስከ ዳር ዞሩ። ዳለቻ ጠፍቶ ጠፍቶ፣ በስንት መከራ ከዚያው ሻጭ ዘንድ ከኋላ ታስሮ ተገኘ። አንድ ብቻ ነው ያለው። ተገዝቷል።

ሰብሳቢው በሬው እንዴት ያለ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ሚልክያስ “ታዛዥ ነው” ሲሉ መለሱ። ሥጋውስ ሲባሉ፣ ጎድኑ አንድ በአንድ እንደሚታይ ተናገሩ። ዕድሜውስ ሲባሉ፣ በአካባቢው ያላረሰው ማሳ እንደሌለ ተናገሩ። በዚህ መካከል በስልኩ ውስጥ ረጅምና ቀጭን የበሬ ድምፅ ተሰማ። በሬው ድምፅ ካላቸው አባላት ውስጥ ስላልሆነ አልተቆጠረም።

ወ/ሮ ሃይማኖት አመዱን ግድግዳ ላይ አናስቀምጥ ብንል ቀንድ አውጥቶ መጣ አሉ። አቶ ገብረመስቀል ለዚህ የተዳረግነው በስም ነው፣ “ሲልቨር” ቢባል ኖሮ ቦምቤ ላይ ሲልቨር በሬ አይገኝም ነበር አሉ። ወ/ሮ ብርቄ ወንድማቸውን “አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም?” ቢሏቸው፣ አቶ ሚልክያስ “ዓይን አለኝ፣ እህቴ፤ ውሳኔም አለኝ” አሉ። ሰብሳቢው ጥፋቱ የጸሐፊው ነው አሉ። ጸሐፊው የተላከውን መልእክት ከነነገረው ሰው ስም አነበበ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ነጥብ እንለፍ አሉ።

የሚቀጥለው ነጥብ በሬውን መመለስ ነው። አቶ ሚልክያስ ሻጩ ዳለቻውን ተቀብሎ ቀዩን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን፣ ነገር ግን ሰውየው ጠዋት እጅ ተጨብጦ ተለቅቆበት ስለተከፋ የሰው ቃል እንደማያምን፣ ውሳኔው መሻሩን በማኅተም ካላየ ገመዱን እንደማይነካ ገለጹ። የወረቀቱ ፎቶ በቴሌግራም ቢላክለት ይበቃዋል። እሳቸውም ቢሆኑ ያለ ማኅተም እንዳይንቀሳቀሱ ያስተማሯቸው ጋሼ ሻንቆ ናቸው። ደግሞ ከሃላሌ የመጡ ገዢዎች ቀዩን እየዞሩት ነው፤ አንዱ ጥርሱን እያየ ነው።

ሰብሳቢው በውሳኔ 2 ላይ “ዳለቻ ማለት ሳሎንን እንጂ በሬን አይመለከትም” የሚል ማብራሪያ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሚልክያስ ከሻጩ ጋር ተማክረው ተመለሱ። ሻጩ ስለ ሳሎን መስማት አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ “ተሽሯል”።

ማክዳ እጇን አወጣች። ድምፅ ባይኖራትም ጥያቄ ማቅረብ ትችላለች ተባለ። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ ውሳኔ 2 ከተሻረ፣ “በውሳኔ 2 መሠረት” ብሎ የሚጀምረው ውሳኔ 3 ምን ይሆናል?

ሰብሳቢው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአት። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው መሠረቱ የተነሣ ውሳኔ እንደማይቆም ያውቃል። “ይወድቃል” አሉ። ቃሉ ከአፋቸው የወጣው በጭንቅ ነው፤ ግን ወጥቷል።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ አባል የራሱን ለማትረፍ ሞከረ። ወ/ሮ ሃይማኖት ጥቅስ አይሻርም አሉ፤ ጥቅሱ ሳይሆን ግድግዳው ነው የሚሻረው ተባሉ። አቶ ገብረመስቀል ብርቱካንማው ከዳለቻው ጋር ዝምድና እንደሌለው ተከራከሩ። ወ/ሮ ብርቄ ዳንቴላቸው ከኮሚቴው በፊት የነበረና ከኮሚቴው በኋላም የሚኖር መሆኑን ተናግረው ክርክር ውስጥ አልገቡም። በስልኩ ውስጥ ከሃላሌዎቹ አንዱ “ስንት ትላለህ?” ሲል ተሰማ። ክርክሩ ቆመ።

ውሳኔ 4፦ ያለ ምንም ውይይት፣ በሙሉ ድምፅ፣ ዛሬ የተላለፉት ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 3 ያሉት በሙሉ፣ የተነገረው መነገሩ እንዲታወቅ የተባለውም ጭምር፣ ከመጀመሪያው እንዳልነበሩ ተቆጥረው ተሽረዋል።

10፡05 ላይ ማኅተም ተመትቶ ፎቶው ተልኳል። 10፡12 ላይ አቶ ሚልክያስ ቀዩን መረከባቸውን አረጋገጡ። ገበያተኛው ሲያጨበጭብ ተሰምቷል፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

አባላቱ ሊነሱ ሲሉ ማክዳ ሁለት ነገር ጠየቀች። ስለ ሳሎኑ በአሁኑ ሰዓት የጸና ውሳኔ አለ ወይ? ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ የለም አለ። የሚከለክልስ አለ? የለም አለ።

ማክዳ “እንግዲያው ኮሚቴውን አልጠይቅም” አለች። ወደ አባቷ ዞራም እንዲህ አለች፦ “አባዬ፣ አንተን ነው የምጠይቅህ። ጭስ አይደለም። ጭስ ሰው ሳይፈልገው የሚመጣ ነው፤ እኔ ይሄን መርጬ፣ አስቤ፣ ራሴ በጥብጬው ነው። ግን አንተን ካመመህ አልቀባም። ሴትዮዋን ደውዬ ቅሪ እላታለሁ።”

ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ሆነው የግል ጉዳይ መመለስ እንደማይችሉ ተናገሩ። ማክዳ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ አለች። ወ/ሮ ሃይማኖት አንድ ቀሪ ነጥብ አለኝ ሲሉ ወ/ሮ ብርቄ ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ማኅተሙን ኪሳቸው ከተቱ። ስብሰባው 10፡25 ላይ ተዘግቷል።

ስብሰባ ከተዘጋ በኋላ የተነገረ ነገር በቃለ ጉባኤ አይገባም። ስለዚህ አቶ ሻንቆ ኮታቸውን አውልቀው አቮካዶው ላይ ሲሰቅሉ “መሰላሉን ማን ሊይዝልሽ ነው?” ማለታቸውን ጸሐፊው አልመዘገበም።